የሕፃናት የአንጎል ዕጢ፤ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ፍጻሜው እንዴት ይገመታል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

አንድ ሕፃን በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ወላጆቹ ሐኪሙን የሚጠይቁት ጥያቄ በየትም አገር አንድ ነው። ይኸውም «ልጃችን ይድናልን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዐውደ ነገሥት ገላጩ የልጁንና የእናቱን ስም ፊደል ይቈጥራል። ሐኪም ግን የሚቈጥረው ሌላ ነገር ነው። እርሱ የሚቈጥረው ከዚህ ልጅ በፊት በዚያው ደዌ የታመሙትን ልጆች ነው። ምን ያህሉ እንደ ዳኑ፥ በምን ያህሉም ላይ በሽታው እንዳገረሸ፥ የዳኑትን ካልዳኑት የለያቸውም ነገር ምን እንደ ሆነ መዝግቦ ያመዛዝናል። ይህ ግምት ከጥንቆላ የሚለየው ስሕተቱ ሊታወቅና ሊታረም የሚችል በመሆኑ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ይህ ግምት እንዴት እንደሚደረግ፥ ምን እንደሚጠቅምና እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን መግለጽ ነው። የሕፃናት የአንጎል ዕጢ ብዙ ዓይነት ስላለው ሁሉን ባንድ ጊዜ ለመዘርዘር ብንነሣ ነገሩ ይደባለቃል። ስለዚህ ከመካከላቸው ሜዱሎብላስቶማ የሚባለውን እንመርጣለን። እርሱን የመረጥንበትም ምክንያት በሕፃናት አንጎል ላይ ከሚነሡት አደገኛ ዕጢዎች በብዛት ከሚገኙት አንዱ በመሆኑና፤ የሐኪሞች ግምት ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ እንዴት እየተሻሻለ እንደ ሄደ ከሌሎቹ ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሽታው ምንድን ነው?

ከማጅራት በላይ፤ ከራስ ቅል በስተኋላ ታናሽ አንጎል የሚባለው ክፍል ይገኛል። የዚህ ክፍል ሥራ የሰውነትን ሚዛን መጠበቅና የእጅንና የእግርን እንቅስቃሴ ማስተካከል ነው። ሜዱሎብላስቶማ የሚነሣው ከዚህ ስፍራ ስለ ሆነ፤ ዕጢው ሲያድግ ልጁ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ጽዋ ሲያነሣም እጁ ይስታል። ከታናሹ አንጎል ፊት ለፊት ደግሞ የአንጎል ውሃ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ። ዕጢው ይህን መንገድ የዘጋው እንደ ሆነ ውሃው በአንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ ልጁን፥ ይልቁንም ጧት ከእንቅልፉ ሲነሣ፥ ራሱን ያመዋል፤ ያስታውከዋል፤ ካስታወከም በኋላ ለጊዜው ሻል ይለዋል። አንዳንዱም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ማስታወኩ የሆድ ሕመም መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ሳምንታት ያልፋሉ።

ይኸው ውሃ ባንድ ስፍራ የሚቆም አይደለም። ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርዶ እስከ ወገብ ድረስ ይመላለሳል። ስለዚህ የዕጢው ሕዋሳት ጎርፍ እንደ ወሰደው ዘር በውሃው ተወስደው በሌላ ስፍራ ሊበቅሉ ይችላሉ። የዚህን በሽታ ፍጻሜ ለመገመት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ከዚህ ነገር መነሣት ይገባዋል።

ከኩሺንግ እስከ ፓተርሰን

ለዚህ ዕጢ በ1925 ስም ያወጡለት ፐርሲቫል ቤይሊና ሃርቬይ ኩሺንግ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። ኩሺንግ በቦስተን ከተማ ይሠሩ የነበሩና የአንጎልን ቀዶ ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ነበሩ። እኒህ ታላቅ ሐኪም በ1930 ስለ 61 ሕሙማን ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓመት በሕይወት የቈየው አንድ ብቻ መሆኑን ሳይሸሽጉ ገለጹ። በዚያን ጊዜ «ልጃችን ይድናልን?» ብሎ ለጠየቀ ወላጅ የሚሰጠው መልስ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ቍጥር መረዳት አያዳግትም።

ነገር ግን በ1953 ኢዲት ፓተርሰንና ፋር የተባሉት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ከተማ ሌላ ወሬ አሰሙ። እነርሱ ዕጢው የነበረበትን ስፍራ ብቻ በጨረር በማከም ሳይወሰኑ፤ ውሃው በሚደርስበት ሁሉ፥ ማለት በአንጎሉ በሙሉና በኅብለ ሰረሰሩ በሙሉ ላይ ጨረር እንዲያርፍ አደረጉ። በዚህ ዓይነት ካከሟቸው 27 ሕሙማን መካከል ከመቶው 65 ያህሉ ሦስት ዓመት በሕይወት ቈዩ።

ዕጢው በ1930ም ሆነ በ1953 ያው ዕጢ ነበር። የተለወጠው ሕክምናው ነው። ስለዚህ የበሽታ ፍጻሜ በበሽታው ላይ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ እንረዳለን። ማንኛውም ግምት የሚሠራውም ግምቱ ከተቈጠረበት ሕክምና ጋር ብቻ ነው፤ ሕክምናው በተለወጠ ጊዜ ግምቱም እንደ ገና መቈጠር አለበት።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚቈጠሩት ሦስት ነገሮች

ቀዶ ጥገናው ከተፈጸመ በኋላ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲያመዛዝኗቸው የኖሩት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው፤ ከዕጢው የቀረ ነገር አለን? የሚለው ነው። ቀዶ ጠጋኙ ሐኪም በዓይኑ አይቶ «ሁሉን አውጥቻለሁ» ቢልም ቃሉ ብቻ አይበቃም። ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ልጁ በኤም. አር. አይ. መሣሪያ ይነሣል። ቀኑ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ የደም ርጋታና የቁስሉ ጠባሳ በፎቶግራፉ ላይ እንደ ዕጢ መስለው ስለሚታዩ እውነቱን ለመለየት ያስቸግራል። የቀረው ነገር ስፋት ከአንድ ተኩል ካሬ ሴንቲሜትር የበለጠ እንደ ሆነ ልጁ ከፍ ያለ አደጋ ካለባቸው ወገን ሲቈጠር ኖሯል።

ሁለተኛው፤ ዕጢው ተሠራጭቷልን? የሚለው ነው። በ1969 ዶክተር ቻንግና ባልደረቦቻቸው ሥርጭቱን ከዜሮ እስከ አራት በሚደርስ ደረጃ ከፈሉት። በዜሮ ደረጃ ያለው ምንም ሥርጭት ያልተገኘበት ነው፤ በአንደኛው ደረጃ ያለው ሕዋሳቱ በውሃው ውስጥ ብቻ የተገኙበት ነው፤ በሁለተኛው በአንጎል ውስጥ፥ በሦስተኛው በኅብለ ሰረሰር ላይ የበቀለ ዕጢ የታየበት ነው፤ አራተኛው ከነዚህም አልፎ ወደ ሌላው ሰውነት የወጣ ነው። ይህን ለማወቅ አከርካሪው በኤም. አር. አይ. ይታያል፤ ከወገብም በመርፌ ውሃ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ውሃው የሚቀዳውም ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ የተቀዳ እንደ ሆነ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የተበተኑ ሕዋሳት ተገኝተው ሐኪሙን ሊያሳስቱት ይችላሉ።

ሦስተኛው የልጁ ዕድሜ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጎል ገና በማደግ ላይ ስላለ ሙሉውን ጨረር ሊሰጡት አይደፍሩም። ስለዚህ ትንንሾቹ ሕፃናት ለረዥም ጊዜ ውጤታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ኖሯል። በ2005 ግን የጀርመን አገር ሐኪሞች ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን 43 ሕፃናት ያለ ጨረር፥ በመድኃኒት ብቻ አክመው ከመቶው 66ቱ አምስት ዓመት በሕይወት መቈየታቸውን አስታወቁ። ዕጢው በሙሉ ከወጣላቸውና ሥርጭት ካልተገኘባቸውማ ከመቶው 93ቱ ቈይተዋል።

በነዚህ በሦስቱ መመዘኛዎች የተለዩት፥ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ፥ ሥርጭት የሌለባቸውና የቀረው ዕጢ ጥቂት የሆነላቸው ልጆች መካከለኛ አደጋ ያለባቸው ተብለው ተመደቡ። ለነዚህ ልጆች በአንጎሉና በኅብለ ሰረሰሩ ሁሉ ላይ የሚሰጠው ጨረር ቀድሞ 36 ግሬይ የነበረው ወደ 23.4 ግሬይ ዝቅ ብሎ በምትኩ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ተጨመረላቸው። በ2006 በአሜሪካ በወጣው ሪፖርት መሠረት በዚህ ዓይነት ከታከሙት 379 ልጆች መካከል ከመቶው 86ቱ አምስት ዓመት በሕይወት ቈይተዋል፤ ከመቶው 81ዱም ሕመሙ ሳያገረሽባቸው ኖረዋል። ከኩሺንግ አንድ ሰው ተነሥቶ እዚህ መድረስ ምን ያህል ጕዞ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

ጭንቀቱ መቼ ያበቃል?

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ወላጆች የሚጠይቁት ሁለተኛ ጥያቄ «እስከ መቼ ነው የምንሠጋው?» የሚል ነው። ቪንሰንት ኮሊንስ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1950ዎቹ ዓመታት በሕፃናት የኵላሊት ዕጢ ተነሥተው ለዚህ የሚሆን ቀላል ሒሳብ አወጡ። ዐሳባቸው የሚከተለው ነው። በሕፃን ላይ የሚነሣ ዕጢ ቢቀድም ቢቀድም ከፅንስ ቀን ቀድሞ ሊጀምር አይችልም። እንግዲህ ዕጢው ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ እስኪታይ ድረስ ቢበዛ የፈጀው ጊዜ የልጁ ዕድሜና በማኅፀን የቈየበት ዘጠኝ ወር ነው። ከሕክምናው የተረፈ ሕዋስ ቢኖርና በዚያው ፍጥነት ቢያድግ በዚያው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። ስለዚህ በሦስት ዓመቱ የታመመ ልጅ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር፤ በስምንት ዓመቱ የታመመ ደግሞ ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሳያገረሽበት ካለፈ ከሥጋት ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ በሜዱሎብላስቶማ ላይም ሲፈተን በብዙ ልጆች ዘንድ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በሁሉም ዘንድ ግን አይደለም። ከተቈረጠው ጊዜ በኋላ ያገረሸባቸው ልጆች ተመዝግበዋል፤ የተረፈው ሕዋስ ሁልጊዜ በቀድሞው ፍጥነት አያድግምና። ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚያገረሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ጨረር ተቀብሎ በጨረሰ ልጅ ላይ ያገረሸ እንደ ሆነ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ስለሚሆን፤ ሐኪሞች የሚደክሙት ማገርሸቱን አስቀድመው ለመከላከል ነው።

ግምት ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ አንባቢ «የሚድነው ይድናል፤ የማይድነውም አይድንም፤ አስቀድሞ መገመቱ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። መልሱ በሕክምናው ዋጋ ላይ ይገኛል። ጨረር ዕጢውን እንደሚያጠፋ ሁሉ የሚያድገውን አንጎልም ይጐዳል። የዳነው ልጅ የተማረውን አይረሳም፤ ነገር ግን አዲስ ነገር የሚማርበት ፍጥነት ከጓደኞቹ እያነሰ ይሄዳል። አከርካሪው ጨረር ስላገኘው ቁመቱ ያጥራል፤ የዕድገት ሆርሞንም ይጐድልበታል። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ጆሮን ያደነቍራል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ከአራቱ ልጆች በአንዱ ገደማ ላይ አንደበት ለሳምንታት ወይም ለወራት ይዘጋል።

ስለዚህ ሐኪሙ በሁለት ስሕተት መካከል ይቆማል። ሕክምናውን ያበዛ እንደ ሆነ በጥቂቱ ሊድን ይችል የነበረውን ልጅ ዕድሜውን ሁሉ በትምህርቱና በሥራው ይጐዳዋል። ያሳነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ዕጢው ያገረሻል። ይህም በዐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በአሜሪካ በተደረገና በ2021 በታተመ ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ጨረሩን ከ23.4 ወደ 18 ግሬይ ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ተፈተነ። የቀድሞውን መጠን ካገኙት ከመቶው 83 ያህሉ አምስት ዓመት ሳያገረሽባቸው ሲቈዩ፤ መጠኑ ዝቅ ካለላቸው ግን ከመቶው 71 ያህሉ ብቻ ቈዩ። ለሁሉ በአንድነት መቀነስ እንደማያዋጣ ከዚህ ታወቀ። የሚያዋጣው ለማን መቀነስ እንደሚቻል፥ ለማንስ መጨመር እንደሚገባ መለየት ነው። መገመት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

አንድ ስም ያላቸው አራት በሽታዎች

ከላይ የተናገርናቸው ሦስቱ መመዘኛዎች ጠቃሚ ቢሆኑም አንድ ነገር ሳይገልጹ ይቀሩ ነበር። በዕድሜ፥ በቀሪ ዕጢና በሥርጭት እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች አንዱ ሲድን ሌላው ላይ ያገረሽበት ነበር። የዚህ ምክንያቱ የታወቀው የዕጢው ጂኖች ሲመረመሩ ነው። በ2010 በቦስተን የተሰበሰቡ ሊቃውንት ያደረሱትና በ2012 የታተመው ስምምነት ሜዱሎብላስቶማ አንድ በሽታ ሳይሆን አራት መሆኑን ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው የአንጎል ዕጢዎች አከፋፈል ይህን ተቀበለ።

የመጀመሪያው ዊንት የሚባለው ነው። ከአሥሩ ሕሙማን አንዱ ገደማ በዚህ ወገን ሲሆን፤ እንደሚገባ ከታከሙት ልጆች ከመቶው ከ90 የሚበልጡት አምስት ዓመት አልፈው ይኖራሉ። ሁለተኛው ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል፤ በሕፃናትና በጐልማሶች ዘንድ ይበዛል። በዚህ ወገን ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ። በ2013 በወጣ ጥናት ቲ. ፒ. 53 የተባለው ጂን ካልተበላሸባቸው ከመቶው 81ዱ አምስት ዓመት ሲቈዩ፤ ከተበላሸባቸው ግን 41ዱ ብቻ ናቸው የቈዩት። ሦስተኛው ቡድንና አራተኛው ቡድን የሚባሉት እስከ ዛሬ በቍጥራቸው ብቻ ይጠራሉ። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ይልቁንም ሚክ የሚባለው ጂን በዝቶ የተገኘበት እንደ ሆነ። አራተኛው መካከለኛ ነው፤ ማገርሸቱ ግን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ረዘም ያለ ክትትል ይፈልጋል።

ይህ ዕውቀት የቀድሞውን መመዘኛ እንኳ እንዲታረም አድርጓል። በ2016 የ787 ሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፤ የጂኑ ወገን ከታወቀ በኋላ ጥቂት ቅሪት ዕጢ መኖሩ ቀድሞ ይታሰብ የነበረውን ያህል ፍጻሜውን እንደማይለውጥ ተገኘ። ይህም ለቀዶ ጠጋኙ ትልቅ ትምህርት ነው። አንዲቱን የመጨረሻ ቍራጭ ለማውጣት ሲል የልጁን አንደበት ወይም መራመድ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባውም ማለት ነው።

ከአንድ ደረሰኝ የመዝገቡ ሙሉ ገጽ

እስከ አሁን የተናገርነው በሕክምናው መጀመሪያ ላይ ስለሚደረገው ግምት ነው። ነገር ግን ግምት አንድ ቀን ተነግሮ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ልጁ ሕክምናውን ከጨረሰ በኋላ በብዙ ሆስፒታሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ፥ ከዚያም በየስድስት ወሩ፥ በኋላም በየዓመቱ በኤም. አር. አይ. ይነሣል።

የዚህ ፎቶግራፍ ጕድለቱ ዕጢው በቂ መጠን እስኪኖረው ድረስ አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ አንጎል ውሃ ተመለሱ። የሚሞት የዕጢ ሕዋስ ከጂኑ ቍርጥራጭ ወደ ውሃው ይጥላል። በ2021 በታተመ ጥናት ከ123 ልጆች በተለያየ ጊዜ የተቀዱ 476 የውሃ ናሙናዎች ተመርምረው፤ በኋላ ካገረሸባቸው ልጆች በግማሾቹ ዘንድ ፎቶግራፉ ምንም ሳያሳይ በፊት የዕጢው ምልክት በውሃው ውስጥ ተገኝቷል። በግማሾቹ ዘንድ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ምርመራው ተስፋ የሚጣልበት ቢሆንም፤ አልታየም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሌላው አዲስ መንገድ የኮምፒዩተር ነው። በ2025 በቦስተን ሆስፒታሎች ያሉ ተመራማሪዎች ግሊዮማ የሚባል ሌላ ዓይነት የአንጎል ዕጢ ከነበረባቸው 715 ልጆች የተሰበሰቡ ወደ 4,000 የሚጠጉ የኤም. አር. አይ. ምስሎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አቀረቡ። መሣሪያው የአንዱን ልጅ አንድ ምስል ብቻ ባየ ጊዜ በዓመት ውስጥ ማገርሸት አለማገርሸቱን የገመተው ሳንቲም ወርውሮ ዕጣ ከማውጣት ብዙም ሳይሻል ነበር። ከሕክምናው በኋላ በተከታታይ የተነሡትን ምስሎች በቅደም ተከተል እንዲያነጻጽር በተማረ ጊዜ ግን ግምቱ ከመቶው ከ75 እስከ 89 ትክክል ሆነ። ለዚህም ከአራት እስከ ስድስት ምስል በቂ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው በሆስፒታል ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሌሎች ስፍራዎች መፈተን እንደሚገባው ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ይህ ነገር በሒሳብ ክፍል ለምትሠሩ አንባብያን እንግዳ ሊሆንባችሁ አይገባም። አንድ ደረሰኝ አይቶ የመሥሪያ ቤቱን ሀብት የሚገምት ኦዲተር የለም፤ የዓመቱን መዝገብ ገጽ በገጽ ይመረምራል እንጂ። ለልጁም ቢሆን የዛሬው ምስል ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ይናገራል።

ቍጥሩን እንዴት እንረዳው?

ሐኪሙ «ከመቶው 85ቱ ይድናሉ» ሲል አንዳንድ ወላጅ ልጁ በአብዛኛው እንደ ዳነና ጥቂት እንደ ቀረው አድርጎ ይሰማዋል። ሌላው ደግሞ የቀሩትን 15ቱን ብቻ ያይና ልጁን ከነርሱ ይቈጥረዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ሰማንያ አምስት በመቶ የሚድን ልጅ በዓለም ላይ የለም፤ እያንዳንዱ ልጅ ወይ በሙሉ ይድናል፥ ወይ አይድንም። ቍጥሩ የመቶ ልጆች ታሪክ ነው። የአንዱ ልጅ ታሪክ ግን ገና በመጻፍ ላይ ነው።

ከዚህም በላይ ቍጥሩ ከጊዜ ጋር ይለወጣል። በምርመራው ቀን የተነገረው ግምት ከሦስት ዓመት በኋላ በጤና ለሚገኝ ልጅ አይሠራም፤ አደገኛውን ዘመን ማለፉ ራሱ አዲስ ማስረጃ ነውና። ስለዚህ ወላጅ በየጊዜው «አሁንስ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሐኪሙም በየጊዜው እንደ አዲስ መመለስ ግዴታው ነው።

በአገራችን ክፉ ወሬን ከሕመምተኛውና ከቤተ ሰቡ መሰወር እንደ ደግነት ይቈጠራል። ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረታችንን ማስታወስ ይገባል። የበሽታውን ጠባይ ያልተነገረው ወላጅ ልጁ ደኅና መስሎ ሲታየው ክትትሉን ያቋርጣል። ማገርሸት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችለውም በዚሁ ክትትል ነው።

የእኛ ድርሻ

በአውሮፓ ተደርጎ በ2012 የታተመው የ340 ሕሙማን ጥናት አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተምሯል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጨረር ሕክምናው ከሰባት ሳምንት በላይ የዘገየባቸው ልጆች በጊዜው ከጀመሩት ይልቅ በሽታው አገርሽቶባቸዋል። እንግዲህ የበሽታውን ፍጻሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በዕጢው ጂን ውስጥ ሳይሆን በቀን መቍጠሪያው ላይ ይገኛል ማለት ነው። የዕጢውን ጂን የሚለውጥ ማንም የለም፤ ቀኑን ግን ሰው ሊያሳጥረው ይችላል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ማእከሎች ተከፍተዋል። ሆኖም ሰባቱ ሳምንት በሐኪሙ እጅ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። የልጁ አባት ፈቃድ ሲጠይቅ ደብዳቤው በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል። የሕክምና ወጪው በሒሳብ ክፍል ይመረመራል። የመሣሪያው መለዋወጫ በጉምሩክ በኩል ያልፋል። መድኃኒቱ በግዢ ኮሚቴ ይወሰናል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ እንዲህ ያለው ወረቀት በፊታችሁ በደረሰ ጊዜ ከወረቀቱ በስተኋላ ቀኑ የሚቈጠርበት ልጅ ሊኖር እንደሚችል አስቡ። ሐኪሙ የገመተውን ፍጻሜ ለማሳመር ወይም ለማበላሸት ከምትችሉት ሰዎች መካከል እናንተም አላችሁበት።

ወላጆች የሆናችሁ ደግሞ ሦስት ነገር እንድትይዙ እንመክራለን። አንደኛ፤ ልጅ ጧት ጧት ራሱን እያመመው የሚያስታውክ፥ አረማመዱም የሚንገዳገድ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሁለተኛ፤ ከታከመ በኋላ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት፥ የዕጢውን ምርመራ ውጤትና የተነሡትን ምስሎች ሁሉ በአንድ መዝገብ በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ሐኪሙ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር የሚያነጻጽረው በዚህ ነውና። ሦስተኛ፤ ልጁ ደኅና ሆኖ ትምህርት ቤት ቢመለስም ቀጠሮውን አታቋርጡ፤ በትምህርቱም ቢዘገይ ስንፍና ነው ብላችሁ አትቍጡት፤ ለመምህሩም ነገሩን አስረዱለት።

ክቡራን አንባብያን፤ በ1930 ከ61 ሕሙማን አንድ ብቻ ይቈይ ለነበረበት በሽታ ዛሬ ተገቢውን ሕክምና ካገኙት ልጆች ብዙዎቹ እንዲድኑ ያደረገው፤ እያንዳንዱ ሐኪም ያየውን መልካሙንም ክፉውንም በመዝገብ ጽፎ ለተከታዩ በማስተላለፉ ነው። ከዚህ ዓለም የተለዩት ሕፃናት በመዝገቡ ውስጥ የተዉት ትምህርት ከነርሱ በኋላ ለመጡት መድኃኒት ሆኗል። እኛም ያለንበት ሥራ ምንም ያህል ትንሽ ቢመስል ቀኑን ሳናሳልፍ ብንፈጽም ከዚህ በጎ ሥራ ድርሻ እናገኛለን።